ከክፈፉ ሥር፦ በጥንታዊ የቻይና ቤተ መቅደሶች ሰውንና ሕንፃን ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት

ካሜራ ይዞ ወደ አንድ ጥንታዊ የቻይና ቤተ መቅደስ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ቀለሙ ነው፤ ቀዩ ግድግዳ፣ ቢጫው ወይም ግራጫው የሸክላ ክዳን፣ ከጣሪያው ሥር የተሣለው ሰማያዊና አረንጓዴ ጌጥ። የፎቶግራፉን መልክ የሚወስነው ግን ክፈፉ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ ነው። የቻይና አናጺዎች የእንጨቱን ዓምድና በር ከዝናብ ለመጠበቅ ጣሪያውን አርቀው ዘረጉት፤ በዚህም ብርሃን በየትኛው ወቅትና ሰዓት እስከ የት እንደሚገባ አብረው ወሰኑ። ስለዚህ ሌንስ ከመምረጥ በፊት ጣሪያውን ማንበብ መልመድ ይገባል፤ የሰውም ሆነ የሕንፃ ፎቶግራፍ ከዚያ ይጀምራል።

አቅጣጫና ወቅት

አብዛኞቹ ቤተ መቅደሶች በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ የተከታተሉ ግቢዎች ናቸው። መግቢያው በደቡብ በኩል ሲሆን ዋናው አዳራሽ ከውስጥ ሆኖ ፊቱን ወደ ደቡብ ይመልሳል፤ የጎን አዳራሾቹ ደግሞ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ይህን ያወቀ ሰው ገና ከማረፊያው ሳይወጣ የቀኑን ዕቅድ ማውጣት ይችላል። ጠዋት ፀሐይ የምታበራው በምዕራብ በኩል ያለውን የጎን አዳራሽ ፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተራው የምሥራቁ ይሆናል። ዋናው አዳራሽ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ብርሃን ያገኛል፤ የእንጨቱ ቅርጽና የጡቡ ገጽታ ጎልቶ የሚታየው ግን ብርሃኑ ከጎን ታክኮ በሚያልፍባቸው የጠዋትና የማምሻ ሰዓታት ነው።

ወቅቱ ከሰዓቱ ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። ቤጂንግ በ40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 73 ዲግሪ ተኩል ያህል ትወጣለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ከ26 ዲግሪ ተኩል አታልፍም። ወደ ደቡብ 2 ሜትር የወጣ ክፈፍ በሰኔ እኩለ ቀን ወደ 6.7 ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርድ ጥላ ይጥላል፤ ይህም ግድግዳውን በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። ያው ክፈፍ በታኅሣሥ የሚጥለው ጥላ 1 ሜትር ብቻ ስለሆነ ፀሐይዋ ከጣሪያው ሥር ገብታ በሩንና የዓምዶቹን ግርጌ ታሞቃለች። እኩለ ቀን ላይ ካሜራ አይወጣም የሚለው ልማድ ፀሐይዋ በታኅሣሥ እንኳ ከ57 ዲግሪ በላይ ለምትወጣባት ለአዲስ አበባ ትክክል ነው፤ ለቤጂንግ ብርድ ወቅት ግን አይሠራም። በዚያ ወቅት የቀትሩ ፀሐይ እንኳ ዝቅ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል። ከብርዱ በቀር የሚከለክል ነገር የለም፤ ብርዱ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ መጠባበቂያውን ባትሪ ከልብስ ውስጥ፣ ከሰውነት አጠገብ ይያዙ።

ሁሉም ቤተ መቅደስ ወደ ደቡብ አይመለከትም፤ የማይመለከቱት ደግሞ ከሁሉ የሚያምሩት ሆነው ይገኛሉ። በሻንሺ ክፍለ ሀገር በዉታይ ተራራ አካባቢ ያለው የፎጓንግ ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ አዳራሽ በ857 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በታንግ ሥርወ መንግሥት የተሠራ ሲሆን ስሙ ምሥራቃዊ ቢሆንም ፊቱን የሚመልሰው ወደ ምዕራብ ነው። በሦስት ጎኑ ተራራ ስለከበበው የተከፈተለት አቅጣጫ ምዕራቡ ብቻ ነው። ጠዋት የሄደ ሰው የጠቆረ ፊት ይዞ ይመለሳል፤ ከቀትር በኋላ የቆየ ሰው ግን ብርሃኑ ቀስ በቀስ ከክፈፉ ሥር ሲገባ ያያል። በዚያው ክፍለ ሀገር በታይዩዋን ከተማ አቅራቢያ ባለው በጂንሲ ቤተ መቅደስ የቅድስት እናት አዳራሽ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ የ11ኛው መቶ ዘመን አዳራሽ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት በፊቱ ዓምዶች ላይ የተጠመጠሙትን ስምንት የእንጨት ዘንዶዎች ለማንሳት ማለዳ መድረስ ያስፈልጋል። ከመሄድ በፊት የአዳራሹን አቅጣጫ በካርታ ላይ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቻይና በመላ የምትጠቀመው አንድ የሰዓት አቆጣጠር መሆኑንም አይርሱ፤ እንደ ዱንሁዋንግ ባሉ የምዕራብ ከተሞች ፀሐይ በሰዓቱ ቁጥር ከቤጂንግ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይታ ትወጣለች።

ሕንፃውን ማንሳት

የቻይና አዳራሽ ፊት በዓምዶች የተከፈለ ሲሆን የክፍሎቹ ቁጥር እንደ ልማዱ ጎዶሎ፣ ማለትም ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ነው። የፎጓንጉ አዳራሽ ሰባት አለው። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ በመካከል የሚገኘው በር እንጂ ዓምድ አይደለም፤ መካከለኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይሰፋል። ፊት ለፊት ማንሳት ከፈለጉ በዚህ በር መካከል ትይዩ ይቁሙ፤ ግማሽ እርምጃ እንኳ ቢዛነፉ ፎቶግራፉ ያጋልጥዎታል። ግቢው የተነጠፈው በድንጋይ ስለሆነ የንጣፉን መካከለኛ መስመር መከተል በዓይን ከመገመት የበለጠ ያስተማምናል።

በዚህ መስመር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ትልቅ የነሐስ ዕጣን ማጨሻ ተተክሎ በሩን ይጋርዳል። ጀማሪዎች ከእሱ ለማምለጥ ወደ ጎን ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፤ ውጤቱም ፊት ለፊትም ጎንም ያልሆነ የተዛነፈ ምስል ነው። ይልቁንስ ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ወይ ወደ ኋላ ተመልሰው በፊተኛው በር ውስጥ ይቁሙና በሩን የምስሉ ጠርዝ፣ ማጨሻውን የግቢው አካል ያድርጉት፤ ወይ ደግሞ በቁርጥ ወደ ማዕዘኑ ሄደው አዳራሹን ከጥግ ያንሱት። ጠዋት ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ምዕራብ ጥግ ሲነሣ ሁለት ጎኖች አብረው ስለሚታዩና አንደኛው ስለሚጠቁር ሕንፃው ጥልቀት ያገኛል። ወደ ላይ የሚታጠፈው የክፈፉ ማዕዘንም ውበቱ የሚገለጠው በዚህ አቅጣጫ ነው። በደቡብ ቻይና ማዕዘኖቹ ከሰሜኑ ይበልጥ ሹል ሆነው ወደ ላይ ስለሚወጡ በዚያ የጥጉን ምስል ማስቀደም እመርጣለሁ።

ካሜራን ወደ ላይ ማጋደል ዓምዶቹን ወደ ውስጥ ያዘነብላቸዋል። መድኃኒቱ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝና መራቅ ነው፤ ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎት አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በቤጂንግ በሰማይ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለው የመልካም ምርት ጸሎት አዳራሽ ከነእብነ በረድ መሠረቱ ወደ 38 ሜትር ከፍታ አለው። ሙሉ መጠን (36 በ24 ሚሊ ሜትር) የብርሃን መቀበያ ባለው ካሜራ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራው ሳይጋደል ጫፉ እንዲገባ ካሜራው አግድም ሲያዝ 73 ሜትር ያህል፣ ቁልቁል ሲያዝ ደግሞ 49 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ ከጫፉ በላይ ሰማይ ለማስቀረት ከዚህም ጥቂት መጨመር ነው። ቦታው ካልፈቀደ በመጠኑ አጋድለው ያንሱና በኋላ በኮምፒውተር ያቃኑት፤ ማቃናቱ የምስሉን ጠርዝ ስለሚቆርጥ በግራና በቀኝ ሰፊ ትርፍ ይተው። ይህ አዳራሽ በ1420 ዓ.ም. ተሠርቶ በ1889 ዓ.ም. በመብረቅ ተቃጥሎ እንደገና የታነጸ ሲሆን ክብ በመሆኑ ከላይ የተናገርሁት የጥግ ዘዴ አይሠራበትም። ክብነቱ የሚታየው ብርሃን ከአንድ ጎን ሲመጣና ሌላው ጎን ቀስ እያለ ሲጠቁር ስለሆነ ለእሱ ጠዋት ወይም ማምሻ ይሻላል።

ከክፈፉ ሥር ያለው የእንጨት ቅንጅት፣ ዶውጎንግ የሚባለው፣ ለብቻው መታየት አለበት። ከዓምዱ አናት ላይ እንደ ተደራረቡ ክንዶች ወጥቶ የጣሪያውን ክብደት የሚሸከም፣ በማገጣጠም የተሠራ ሥራ ነው። በፎጓንግ የዶውጎንጉ ቁመት የዓምዱን ግማሽ ያህላል፤ ክፈፉንም ወደ 4 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይዘረጋል። በኋለኞቹ በሚንግና በቺንግ ሥርወ መንግሥታት ዘመን ግን እየጠበበና እየበዛ ሄዶ ወደ ጌጥነት ተጠጋ። ይህ ልዩነት የአነሣሡንም ስልት ይለውጣል። የታንግ ዘመኑን አንዱን ብቻ መርጠው ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ያንሱት፣ ክብደቱ ይሰማ፤ የቺንግ ዘመኑን ደግሞ ከጎን ሆነው በረጅም ሌንስ ያንሱት፣ ተደጋግሞ የሚሄደው ረድፍ እንደ ዜማ ይታይ። ቦታው ሁልጊዜ በጥላ ውስጥ ስለሆነ ከሰማዩ ጋር አብሮ በአንድ ምስል አይያዝም። በሮው ፎርማት (ካሜራው የቀዳውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ሦስት ምስሎችን በሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ የሚያደርግ እርከን ነው) አንሥቶ ማዋሐድ፣ ወይም ሰማዩን ከምስሉ አውጥቶ ለጥላው ብቻ መለካት ይቻላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በሶፍትዌር የተዋሐዱ ምስሎች ብዙ ጊዜ ጥላውን ሰርዘው ጣሪያውን ክብደት የሌለው ካርቶን ያስመስሉታል። በ1937 ዓ.ም. የቻይና የሕንፃ ታሪክ ተመራማሪዎቹ ሊያንግ ሲቼንግና ሊን ሁዪዪን ፎጓንግን ሲያጠኑ ከጣሪያው ውስጥ ገብተው በአቧራና በሌሊት ወፎች መካከል ሆነው ለክተዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። የእኛ ችግር ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

በጣሪያው ጫፍ ላይ ያሉትን የሸክላ እንስሳት ለማንሳት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ሌንስ ይበቃል።

ሰውን ማንሳት

ጥሩ የሰው ፎቶግራፍ የሚነሣበት ቦታ ብዙዎች እንደሚያስቡት ግቢው መካከል አይደለም፤ በረንዳው ነው። ክፈፉ ከላይ የሚመጣውን ኃይለኛ ብርሃን ያግዳል፤ ከፊት ያለው ሰፊ የድንጋይ ግቢ ደግሞ የፀሐዩን ብርሃን ከታች አንጥሮ ወደ በረንዳው ይመልሳል። ስለዚህ ከክፈፉ ሥር የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ግቢው ሲያዞር ለስላሳና ሰፊ ብርሃን ያገኛል፤ በዓይኖቹ ውስጥም የግቢው ብሩህነት ይታያል፣ ከቅንድብ በታች የሚወርደው ጥቁር ጥላ ይጠፋል። ስቱዲዮ ውስጥ በመብራትና በነጭ ሰሌዳ የሚሠራውን ሥራ ጣሪያውና ንጣፉ ይሠሩልዎታል። ሰውየውን ከጥላው ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ያስገቡት፤ ከዚያ በላይ ከገባ ብርሃኑ ይደክማል፣ ጠርዙ ላይ ከቆመ ደግሞ ግንባሩ ላይ ፀሐይ ይወድቃል። ከዚያም ፊቱን ጥቂት ወደ ጎን ቢያዞር አንዱ ጉንጭ ስለሚጠቁር የፊቱ ቅርጽ ይወጣል።

ቀዩ ግድግዳ ለዓይን የሚያስደስተውን ያህል ለቆዳ ወጥመድ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ስለሚመልስ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ሰው በአንገቱና በአገጩ ሥር ቀይ ይሆናል። ከግድግዳው ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ማራቅ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ጀርባውም ደብዝዞ ንጹሕ ቀለም ይሆናል። በምስሉ ውስጥ ቀይ ሲበዛ ካሜራው በራሱ ሲያርም ቆዳውን ወደ አረንጓዴ ሊያዘነብለው ስለሚችል የቀለም ሚዛኑን በግራጫ ካርድ በእጅ ማስተካከል ይሻላል።

የብርሃን መለኪያው ነገር ለእኛ ለጠይሞችና ለጥቁሮች የተለየ ትኩረት ይሻል። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይጥራል። በሰማይ ቤተ መቅደስ ነጭ እብነ በረድ ፊት ጠይም ሰው ሲቆም ካሜራው ነጩን ለማጥቆር ሲል ፊቱን ጥላ ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ አንድ ስቶፕ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። በጨለማ አዳራሽ በር ፊት ሲቆም ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ካሜራው ጨለማውን ለማብራት ሲል ቆዳውን አንጥቶ አቧራ የነካው ያስመስለዋል፤ ስለዚህ መቀነስ ነው። በነጥብ መለኪያ ፊቱን ብቻ የሚለኩ ከሆነም ለጥቁር ቆዳ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ይቀንሱ፤ አለዚያ የቆዳው ጥልቅ ቀለም ይጠፋል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ የምትነሣ ሴት ካለች ከባድ ፈተና ነው፤ ነጩ ጥጥ በፀሐይ ላይ ፈጽሞ ይነጣል፣ ፊቷ ይጠቁራል። መፍትሔው ያው በረንዳው ነው፤ በጥላ ውስጥ በነጠላውና በፊቷ መካከል ያለው ልዩነት ካሜራው ሊይዘው ወደሚችለው መጠን ይጠባል።

ሰውና ሕንፃን አብሮ ለማሳየት ሰውየውን ወደ ሕንፃው ማስጠጋት ስህተት ነው። ከተጠጋ ወይ ሰውየው ጉንዳን ያህላል፣ ወይ ሰፊ ሌንስ ይዘው ቀርበው አፍንጫውን ያገዝፉበታል። ሰውየውን ከአዳራሹ ያርቁት፣ እርስዎም ከእሱ ይራቁ፤ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአምስት ሜትር ርቀት ሲያነሡት አዳራሹ ከኋላው ገዝፎ ይታያል። በስልክም ሰፊውን ሌንስ ትተው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያቀርበውን ይምረጡ። ጣሪያው እንዲለይ ከፈለጉ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ወደ 5.6 ወይም 8 ይዝጉ፤ ፊት ብቻ ከፈለጉ 2 ወይም 2.8 ይበቃል።

የዕጣን ጢስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና ጀርባው ጨለማ ሲሆን ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ከማጨሻው ወዲህ ሆነው ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ይመልከቱ፤ በጥላ ያለ በር ወይም ዛፍ ከጢሱ ኋላ ይግባ። በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ብዙ ሰው ዕጣን ሊያጨስ ስለሚመጣ ጢሱም ሕዝቡም ይበዛል፤ ባዶ ግቢ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ቀናት ይሽሽ። ቀለም ለሚወድ ደግሞ ጥቅምት ማብቂያና ኅዳር መጀመሪያ በቤጂንግ አካባቢ የጊንኮ ዛፎች ቢጫ የሚሆኑበት ወቅት ነው። በምዕራብ ተራሮች ያለው የታንጀ ቤተ መቅደስ ግዙፍና እጅግ ያረጀ ጊንኮ አለው፤ የአገሩ ሰዎች «መጀመሪያ ታንጀ፣ ከዚያ ቤጂንግ» ይላሉ።

ሥርዓቱ

እነዚህ ቦታዎች ለብዙዎች ሕያው የጸሎት ስፍራዎች ናቸው። በቤጂንግ በዮንግሄጎንግ ቤተ መቅደስ ከነጭ ሰንደል እንጨት የተቀረጸው፣ ከመሬት በላይ 18 ሜትር የሚቆመው ሐውልት ማንንም ቢያጓጓ በአዳራሾቹ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት አይፈቀድም። በሌሎችም ቤተ መቅደሶች የተሰረዘ ካሜራ ምልክት በበሩ ላይ ይፈልጉ፤ ምልክት ባይኖርም እንኳ በሐውልት ፊት አያንሡ። በጥንታዊ ሥዕል ላይ ፍላሽ ፈጽሞ አይደረግም።

እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ በአብዛኛው የለም፤ የበሩን ከፍ ያለ ደፍ መርገጥ ግን ነውር ነው፤ ተሻግረው ይለፉ፣ የሚያነሡትም ሰው ላዩ ላይ እንዳይቆም ወይም እንዳይቀመጥ ይንገሩት። የሚጸልይን ሰው ከፊቱ አያንሱት። መነኩሴን ማንሳት ሲፈልጉ «ሽፉ» ብለው ጠርተው «ኮዪ ፓይጃው ማ?» ማለትም «ፎቶ ማንሳት ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ፤ እጁን ካወዛወዘ «ሺየሺየ» ብሎ አመስግኖ ካሜራውን ማውረድ ነው። ሃንፉ የሚባለውን ጥንታዊ ልብስ ተከራይተው የሚነሡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ በደስታ ይፈቅዳሉ፤ ቢሆንም ይጠይቁ። ትራይፖድ በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ድሮን በቤጂንግ ያለ ፈቃድ አይበርም። ትልልቆቹ ቦታዎች ትኬት በስም ስለሚሸጡ ፓስፖርት ይያዙ።

ከተመለሱ በኋላ

ሲያርሙ መጀመሪያ ዓምዶቹን ያቃኑ፣ ከዚያ የቀለም ሚዛኑን ያስተካክሉ፤ ግራጫ ካርድ ካልነበረዎት የግቢው ግራጫ ጡብ በግምት ያግዛል። ቀዩን ቀለም ማድመቂያውን አይንኩት፤ ግድግዳው ሲደምቅ ቆዳውም አብሮ ይቀላል። በስልክ ካነሡ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው «ውበት ማሳመሪያ» የሚለውን አማራጭ ያጥፉት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ሳይጠየቅ በርቶ ስለሚገኝ ፊትን ያለሰልሳል፣ ያነጣል፣ የጠፋውንም መልክ ከተቀመጠው ፋይል ውስጥ መልሶ ማውጣት አይቻልም።